ሰባትና አምስት

ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማችን የበረዶ ጨዋታ አዳራሽ ገበያ ሲሆን፣ ከበሩ አጠገብ ኩባያ ዘርግታ የምትቀመጥ ሸክላ ሠሪ አለች። ስሟን የጠየቃት የለም። የካናዳዋ ሳስካችዋን ሰው ስለ ስንዴ እንጂ ስለ ሰው አይጠይቅም። የወንድ ካፖርት ትለብሳለች፤ ከጥፍሯ ሥር ጭቃ አይጠፋም። ቅድመ አያቷ ይህን ሜዳ ሊያቀኑ መጥተው ለእናታቸው የላኳቸውን ደብዳቤዎች፣ ኩባያው ሳይደርቅ በእንጨት ጫፍ ትገለብጥበታለች። ደብዳቤ ከተባለ ነው! ነፋስ ጣሪያውን ቢወስድበት «ትንሽ ነፈሰ» ብሎ የሚጽፍ ዘር ነን።

ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ቶሌፍሰን ለልጃቸው ሰርግ ኩባያ ሊገዙ መጡ። መነጽራቸውን ሰክተው እንደ ዳኛ አነበቡ።

«ስሚ እስቲ እህቴ፤ ይኼኛው ‹ሰባታችንም ደህና ነን› ይላል፣ ያኛው ‹አምስታችንም ደህና ነን›። መቁጠር አቃተሽ እንዴ?»

«እሳቸው እንደጻፉት ነው፣ እመቤቴ።»

«በይ ሁሉንም ሰባት አድርጊልኝ፤ አርባ ኩባያ አዝሻለሁ። በሰርግ ቀን እንግዳ አይሳቅብኝ።»

ከጠዋት ጀምሮ አንድ ኩባያ እንኳ አልሸጠችም። አንዲት ቁጥር ብትለውጥ ሙታን አይከሷት! እሷ ግን ሁለቱን ኩባያዎች ከሴትዮዋ እጅ ተቀብላ በካፖርቷ እጅጌ ወለወለቻቸው።

«አይሆንም። ሰባቱ ከዚያ ዓመት የበረዶ ማዕበል በፊት ነው፤ አምስቱ ከበረዶው በኋላ።»

ወይዘሮ ቶሌፍሰን መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ተሻግረው ከፊት ለፊቱ ሻጭ አበባ የተሳለበት ኩባያ ገዙ። አበባ ቆጥሮ የጎደለውን የሚጠይቅ የለም።