ከብረቱ ድልድይ ወዲያ ያለው ወንዝ

ጎረቤቴ ቁልፍ ሠሪው ከሱቁ የሚረዝም ጀልባ አለው። ካያክ የሚሉት፣ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ግራ ቀኝ እየቀዘፈ የሚነዳው ጠባብ ነገር ነው። በዚህ ጀልባ ወንዛችንን ሐይቅ እስኪገባ ድረስ ሊወርደው ቆርጦ ተነሣ። ሱቅ ዘግቶ የሚጠፋ ሰው ደንበኛ አያቆይምና፣ በየእረፍት ቀኑ ከድልድይ እስከ ድልድይ ቁራጭ ቁራጩን ይቀዝፋል፤ በሚቀጥለው ካቆመበት ይጀምራል።

ወንዝን እንዲህ የሚወርድ ሰው ታች የሚጠብቀው ያስፈልገዋል፤ ውሃ ወደ መጡበት አይመልስም። መጠበቁ የሚስቱ ሥራ ነበር። ጠዋት ከላይኛው ድልድይ ትሸኘዋለች፤ ከዚያ አሮጌዋን ፒካፕ ነድታ ታችኛው ላይ ሹራብ እየሠራች ትቀመጣለች። ውሃ አትወድም። «እኔ የማውቀው ውሃ የባልዲውን ነው» ትላለች። እርሱ በስብሶ ብቅ ሲል ግን ገና ከሩቁ ትጀምረዋለች፦

«አንተ ሰውዬ! ዓሣ አግብተህ ቀረህ ብዬ ልሄድልህ ነበር!»

ባለፈው ዓመት ከብረቱ ድልድይ ተነሥቶ የድንጋዩ ድልድይ ሲደርስ አጣት። ዝናብ እየደበደበው ጠበቀ፤ ስልኳ አይነሣም። በመጨረሻ በአሸዋ መኪና ተሳፍሮ ሲመለስ፣ ባለፈው ሳምንት በጠበቀችበት በብረቱ ድልድይ ላይ ፊቷን ወደ ላይኛው ውሃ አዙራ ተቀምጣለች። እርሱ የመጣው ከጀርባዋ ነበር።

«ዘገየህ» አለችው።

ያን ቀን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ እኔም ሳቅሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሁለተኛ የምድጃውን እሳት፣ ሦስተኛ የእህቱን ስም ረሳች። ሐኪሙ ለበሽታው ስም ሲሰጠው መንዳት ከለከላት። እስከ ሐይቁ የቀረው አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ትከሻዬ ከዘንድሮ አያልፍም» አለኝ፣ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እየሞረደ።

«ታዲያ ጨርሰዋ! እኔ ሐይቁ ዳር እጠብቅሃለሁ።»

«እሷስ የት ትጠብቀኛለች?»

«ቤት። እህትህ ትያዝልህ።»

ሞረዱን አስቀመጠ። «ቤት ስትሆን ማን ነህ ትለኛለች፣ ጋሼ። የምታውቀኝ ድልድዩ ላይ ነው።»

ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ሰው የጀመረውን መጨረስ አለበት የሚሉ ሁሉ፣ መጨረሻው ላይ ማን እንደሚቆምለት አይነግሩንም።

አሁን ፒካፑን የምነዳው እኔ ነኝ። እርሱን ከላይኛው ድልድይ አውርጄ፣ እርሷን ይዤ ብረቱ ድልድይ ላይ እቀመጣለሁ። ያንኑ የተቀዘፈ ውሃ ደግሞ ይቀዝፈዋል። ወደ ታች፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ ከሦስታችን ማንም የለም።

ባለፈው እረፍት ቀን ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ብድግ አለች።

«ዛሬ ደግሞ የት ገብተህ ነው? ብርዱ ጨረሰኝ እኮ!»

«ወንዙ ነዋ፣ የኔ እመቤት።»

«ሐይቁ ስንት ቀረው?»

«ትንሽ ነው።»

«እንግዲያው ሳምንት ጨርሰውና እንረፍ። እኔ መጠበቅ ሰልችቶኛል።»

«እሺ» አላት።

ጀልባውን ለሁለት አንሥተን መኪናው ላይ ጫንነው። እርሱ የያዘው በአንድ እጁ ብቻ ነበር፤ ሌላውን እሷ ይዛዋለች።