ርዕስ ያልተጻፈበት መስመር

ታላቅ ወንድሜ ቀለም ቀቢ ነበር። ቀጨኔ ካለው ቤታችን አንዱን ክፍል ለሁለት ይዘነው ነበር። ከአልጋው ትይዩ ያለውን ግድግዳ ነጭ ቀብቶ ልብ ወለድ ይሥልበታል። ሥዕል ስል... መስመር ነው። ያነበበው የድሮ ልብ ወለድ ሁሉ አንድ አንድ መስመር አለው። ባለታሪኩ ሲደሰት መስመሩ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ ሲከፋው ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከሥራ በተረፈ ቀለም ስለሚሥል አንዱ የፋርማሲ አረንጓዴ፣ ሌላው የግቢ በር ቡኒ ነበር። ጫፉ ላይ የመጽሐፉን ርዕስ ይጽፋል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰማያዊ መስመር ጀመረ። ርዕስ የለውም። ሌሎቹን በአንድ እሁድ ይጨርሳቸው ነበር፤ ይሄኛው በየቀኑ የጣት ስፋት ያህል ብቻ ይጨምራል። ይወርዳል። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ጠየቅኩት። ገና አላለቀም አለኝ። ባለታሪኩ ደራሲውን ምን ቢበድለው ነው እንዲህ የሚጨክንበት ብዬ ቀለድኩ።

«አንተ ፈተናህን አጥና» አለኝ። ሳቀ፤ ሳቁን ሳል አቋረጠው።

ያኔ ሥራ መውጣት ትቶ ነበር። ሥራ ቀዝቅዟል ይለናል። እናቴ አመነችው። እኔ መጽሐፉን ላንብብ ብዬ ፍራሹ ሥር ስፈልግ የሆስፒታል ወረቀት አገኘሁ። እንግሊዝኛው ብዙም አልገባኝም፤ በአስቸኳይ እንዲተኛ የሚለው ግን ገብቶኛል። የተጻፈው መስመሩ በተጀመረበት ሰሞን ነው። አጥፌ መለስኩት። እሱ ራሱ ይነግራታል አልኩ። በቃ፣ ፈራሁ።

መስመሩ ወለሉ አጠገብ ሲደርስ ተንበርክኮ ይሥል ጀመር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እንደተንበረከከ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳርፎ አገኘሁት። ሆስፒታል ይዘነው ስንሄድ ዘግይታችኋል አሉን።

ለለቅሶው አልጋው ወጥቶ ፍራሽ ተነጠፈ። ለቅሶ ደራሾች ግድግዳውን ተደግፈው ሦስት ቀን ተቀመጡ። የሰልስቱ ዕለት ሰው ሲሄድ እናቴ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ማንበብ ስለማትችል የተጻፈውን አንብብልኝ አለችኝ። ርዕሶቹን አንድ በአንድ አነበብኩላት፤ መስመሩ ሲወጣ ደስታ፣ ሲወርድ ሐዘን መሆኑንም ነገርኳት። ሰማያዊውን ዘለልኩት።

«ይሄስ?»

«የራሱ ታሪክ ነው፣ እማ።» ከዚያ የወረቀቱን ነገር ነገርኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ተነስታ መስመሩን ከመነሻው ጀምራ በጣቷ ተከተለችው። መሃል ላይ ትንሽ ቀና ያለበት ቦታ አለ፤ እኔ ልብ ብዬው አላውቅም። ጣቷ እዚያ ቆመ።

«እዚህ ጋ ምን አግኝቶ ነው?» አለችኝ።