የጎሮዋ ልጅና የቀስተ ደመናው ሰልፍ

ሮቤ ላስተምር ስመጣ ቤት ያከራዩኝ አዴ ዘይነባ፣ እኔን ለመዳር ቆርጠው ተነስተዋል። ጎሮ ከተማ ድረስ ሄደው ልጅ አይተውልኛል፤ ሽማግሌ የሚላክበትም ቀን ተቆርጧል። እኔ ደግሞ ለምን እንደማላገባ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

ባለፈው እሁድ ግቢ ውስጥ ስንዴ ሲለቅሙ አጠገባቸው ቁጭ ብያለሁ። ውጭ አገር የሚማር ጓደኛዬ በቪዲዮ ደወለልኝና ሳላስበው አነሳሁት። ስልኬ በቀስተ ደመና ባንዲራ፣ በከበሮና በሚጨፍር ሰው ተሞላ።

«ማሻአላህ! የማን ሰርግ ነው?» አሉ አዴ አንገታቸውን አስግገው።

 «ሰርግ እንኳን አይደለም፤ ዓመት በዓል ነው» አልኩ።

«የምን?»

መዋሸት አቃተኝ። «ወንድ ሆነው ወንድ፣ ሴት ሆነው ሴት የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ድሮ የሚሰበሰቡበት መጠጥ ቤት ፖሊስ እየገባ ያንገላታቸው ነበር። አንድ ቀን በቃን ብለው ተጋፈጡት። ያንን እያሰቡ በየዓመቱ ሳይደበቁ አደባባይ ይወጣሉ።»

አዴ እጃቸውን ከስንዴው አነሱ። እኔ በሐሳቤ ሻንጣዬን እየሸከፍኩ ነው።

«እናቶቻቸውስ አብረው ይወጣሉ?»

ጓደኛዬ ሰምቶ ስልኩን ወደ ጎን አዞረው። አንዲት ሽበታም እናት ልጃቸውን አቅፈው ይጨፍራሉ። አዴ ዘይነባ ብድግ ብለው እልልታውን አቀለጡት! ማዶ ያለው ሰውም በጩኸትና በጭብጨባ መለሰላቸው።

ጥሪው ሲያበቃ ለቀማቸውን ትተው የራሳቸውን ስልክ አወጡና ጎሮ ደወሉ።

«የነገው ሽምግልና ቀርቷል» አሉ እኔን እያዩ። «የኔ ልጅ የሚፈልገው ጎሮ አይገኝም።»