በጀርባ መተኛት

አባቴ ክትሩን በገዛ እጁ አፈረሰው ወይስ ጎርፉ ራሱ ጣሰው? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ፤ መልሱን ዛሬም አላውቀውም።

ቆቦ በምኖርበት ግቢ ጥግ ጥቁር ሮቶ አለ። ውሃ በመጣ ቀን እሞላውና ጥቂት በረኪና ጠብ አደርግበታለሁ። ክዳኑን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን ይመታዋል፣ ስስልም ድምፄ ከውስጥ ተመልሶ ይጮኽብኛል። ያኔ ሩሲያ የተመረቅኩበት የስፖርት ዩኒቨርሲቲ የዋና አዳራሽ ፊቴ ይደቀናል፦ ነጭ መብራት፣ በላብ የሚያጠምቅ ሙቀት፣ መስኮቱ ላይ የተጋገረ በረዶ። ውጭው ያን ያህል ቀዝቅዞ ውስጡ እንደ ቆላችን ዋጃ በሰኔ ያቃጥል ነበር።

አንቺን ከስፖርት ምን አገናኘሽ አትበሉኝ። ሩጫ የማልወድ፣ በእረፍት ሰዓት መጽሐፍ ይዤ ጥግ የምፈልግ ልጅ ነበርኩ። ያመለከትኩት ባዮሎጂ ለመማር ነበር፤ የደረሰኝ የነፃ ትምህርት ዕድል ግን የሰውነት ማጎልመሻ ሆነ። “ትሄጃለሽ ወይስ ለሌላ እንስጠው?” አለኝ የትምህርት ቢሮው ሰው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ብዙ ከራቁኝ በኋላ ነው፤ እያማረጥኩ የምቆምበት ጊዜ አልነበረኝም። ሄድኩ።

እዚያ ስደርስ ለሁሉም ሯጭ መሰልኳቸው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ ትከሻዋ በር የሚሞላ የጁዶ ተጫዋች፣ በመጀመሪያው ቀን እግሬን አገላብጣ አየችና “ፍጥነቱን የት ደብቀሽው ነው?” አለችኝ። ሜዳ ላይ ሲያስሮጡን መጨረሻ ገባሁ። አሰልጣኙ የያዘው ሰዓት የተበላሸ መስሎት ነቀነቀው። ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ሩጫውን በመጨረሻነት፣ የበረዶ መንሸራተቻውን በመውደቅ፣ ጂምናስቲኩን ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩት። የአጥንትና የጡንቻ ትምህርት ሲመጣ ግን የሚስቅብኝ ጠፋ፤ ሁሉም ደብተሬን ሊገለብጥ አልጋዬ ዳር ይሰለፍ ነበር።

የቀረኝ ዋና ነበር። ዋና ያላለፈ ዓመቱን አይሻገርም፤ ዓመቱን ያልተሻገረ የውጭ ተማሪ ነፃ ትምህርቱ ይቋረጥና ይመለሳል። መመለስ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። እናቴ በስልክ በተገናኘን ቁጥር “ያ ነጋዴ ዛሬም ለጋብቻ ጠየቀሽ፣ ልጄ። ኢንሻአላህ ስትመለሺ” ትለኝ ነበር።

የዋና መምህርታችን ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ረጅም ዘንግ ይዛ በገንዳው ጠርዝ የምትመላለስ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የዋና ልብስ አሰፍቼ ስመጣ ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችና “ጥሩ ነው፣ አይበርድሽም” ብላ አለፈች።

በሆዴ መንሳፈፍ ቻልኩ። መቅዘፍም ቻልኩ። በጀርባዬ መተኛት ግን አልሆነልኝም። “ተኚ! ውሃው ይሸከምሻል!” ትለኛለች። ጆሮዬ ውሃው ውስጥ ሲሰምጥ እንደ ሩቅ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ ይመጣል። ከላዬ ጣሪያ ብቻ ነው፤ የማየው ሰው የለም። እታጠፋለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ ጠርዙን ጨምድጄ እይዛለሁ። ክረምቱ እንዲህ አለፈ፤ ከገንዳው ወደ መኝታ ክፍል፣ ከመኝታ ክፍል ወደ ገንዳው። በሩ የተከፈተ እስር ቤት ነበር፤ ብወጣ የምገባው ወደ ሌላው ነው። ሩሲያኛዬ ደግሞ ዳቦ ለመግዛት እንጂ ይህን ለማስረዳት አይበቃም ነበር።

አባቴ የመንደራችን የውሃ አባት ነበር። እኛ ጋ፣ ራያ፣ ሜዳው ላይ ዝናብ ጠብ ሳይል ከተራራው ጎርፍ ይመጣል። ያን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣ ይጠግባል፣ ያመለጠው ይራባል። ከአሸዋ፣ ከእሾህና ከጭራሮ የሚሠራውን ክትር የሚጠብቀው፣ ውሃው ለማን ቀድሞ ለማን ኋላ እንደሚደርስ የሚዳኘው የውሃ አባቱ ነው። ለወንድሙ አያዳላም ይሉት ነበር። “የራሱን ማሳ የሚያስታውሰው ውሃው ካለቀ በኋላ ነው” እያሉም ይቀልዱበታል።

ያን ቀን ምሳውን አድርሼለት ደረቁን ወንዝ አቋርጬ ስመለስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መጀመሪያ የረጠበ አቧራ ሸተተኝ፤ ከዚያ ማጓራቱን ሰማሁ። የምሮጥበት ስላልነበረኝ ከክትሩ በላይ ያለች የአሸዋ ጉብታ ላይ ወጣሁ። ጎርፉ ግንድና የሞተ ፍየል እያንከባለለ በግራም በቀኝም ከበበኝ። ችግሩ ክትሩ ያን ቀን መያዙ ነበር። ክትሩ በያዘ ቁጥር ውሃው ወደ ኋላ እየተኛ እኔ ወዳለሁበት ይወጣል። ወንዶቹ ሁሉ ቦያቸውን ሊከፍቱ ወደየማሳቸው ሮጠዋል፤ “መጣ! አልሐምዱሊላህ!” ሲሉ ይሰማኛል። ክትሩ ላይ የቀረው አባቴ ብቻ ነበር።

“ልጄ! ውሃውን አትይው! እኔን እይ!”

አየሁት። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ያዘ፣ ጉልበቴ ደረሰ። አባቴ አካፋውን አነሳ። ወደ ማሳዎቹ ዞረ፤ ወደኔ ዞረ። ያኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ክትሩ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ውሃው ሁሉ በወንዙ እየተግተለተለ ወደ ቁልቁል ይነጉዳል። እግሬ ሥር አሸዋው ተመልሶ ብቅ አለ። የአባቴ እጅ ባዶ ነበር።

“ጎርፉ በረታበት” አለ መንደሩ። የጠየቀው ሰው አልነበረም። የዚያ ዓመት ማሽላ ዛላ ሳያወጣ ደረቀ። ጎረቤታችን ፍየሎቿን ጎብዬ ገበያ አውጥታ ሸጠች፣ ልጆቿንም በየዘመዱ በተነቻቸው። የኔም ትምህርት ቤት መግባት ቀረ፤ ከእናቴ ጋር ቆቦ እየወጣን እንጨት ሸጥን። ያቺው ጎረቤታችን “የአላህ ሥራ ነው፤ ልጅሽን ትቶልሻልና አመስግኚ” ብላ እናቴን ስታጽናና አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። በዓመቱ አባቴ “አረጀሁ፣ ሌላ ፈልጉ” ብሎ የውሃ አባትነቱን ተወ። ጢሙ ገና ጥቁር ነበር።

አልጠየቅኩትም። አፈረስኩት ቢለኝ የነዚያ ሁሉ ልጆች ረሃብ ስለኔ ነው። አላፈረስኩም ቢለኝ ደግሞ አካፋውን ያነሳው ክትሩን ሊያጠብቅ ነበር ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛውን መስማት እንደምችል አላውቅም ነበር። አሁን እሱም የለም፤ አላህ ይዘንለት።

ፈተናው ሲቃረብ መምህርቷ ሌሎቹን አሰናብታ እኔን አስቀረችኝ። “ሁሉንም ችለሻል። ከጀርባሽ ምንድን ነው ያለው?” አለችኝ። አልሄደችም። ዘንጓን መሬት ላይ አስተኛችና ጠበቀችኝ።

የክትርን ስም በሩሲያኛ ስላላወቅኩት እርጥብ ፎጣዎች ጠቅልዬ ወለሉ ላይ ደረደርኩ። ይህ ወንዙ ነው፤ ይህ ማሳው፤ ይቺ እኔ። የሳሙና እቃዬን አባቴ የቆመበት ላይ አስቀመጥኩት። ተንበርክካ ታይ ነበር።

“አባትሽ ዋና ይችላል?”

“አይችልም። እኛ ጋ ዋና የሚችል የለም።”

ክትሩ ላይ የቆመውን የሳሙና እቃ ትኩር ብላ አየችው።

በዚህ መሃል በሩ ተበረገደና የውሃ ኳስ ቡድኑ ወንዶች እየተጯጯሁ ገቡ። ተነስታ ፊሽካዋን ነፋች።

“ውጡ! ገንዳው ተይዟል!”

“በማን? ባዶ ነው እኮ!” አለ አንደኛው እየሳቀ።

“ተይዟል አልኩ!”

እያጉረመረሙ ወጡ። በሩን ከውስጥ ቆለፈችና ተመልሳ ከፎጣዎቹ አጠገብ፣ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች።

“ቀጥዪ” አለችኝ። “ውሃው ጉልበትሽ ላይ ደርሶ ነበር።”

ነገርኳት።