እርስዎ ይቅደሙ

አማቴ ቆመው እኔ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ለጉራ አይደለም ይህን የምለው፤ እዚህ ሰቆጣ እንዲያ ያደረገ አማች፣ እሱ ቤቱ ሳይገባ ወሬው ደሃና ወረዳ ይደርሳል። የእኔ አማት ደግሞ ዋዛ አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨውና በርበሬ ነግደው ልጆች ያሳደጉ፣ ሲደሰቱ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በኽምጣንጛ የሚናገሩ፣ ሱብሂ ሰግደው ዓይናቸውን ኩል ሳይኳሉ ከደጅ የማይወጡ ሴትዮ ናቸው። በቤቱ ኽምጣንጛ የማልሰማው እኔ ብቻ ስለሆንኩ የምሰደበው ሁሉ ሳይገባኝ ያልፋል፤ አልሐምዱሊላህ።

አንድ ሰሞን ጤና ጣቢያው የዓይን ሐኪሞች መጡ ተባለ። ስልክ ላይ ሌንስ ገጥመው የዓይንን ውስጥ ፎቶ ያነሳሉ፤ ፎቶውን መጀመሪያ የሚመረምረው ግን ሰው ሳይሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፣ ዕጢ ካለ ይለያል አሉን። «አስተውሎት ድሮም በሰው ላይ አልበዛም፤ እስቲ በስልክ እንየው» ብዬ ሱቄን ዘጋሁ። የፈለግሁትስ መነጽር ነበር። ጨርቅ ስለካ የሜትሩ ቁጥር እየተደበላለቀብኝ ተቸግሬ ነበር። ሚስቴ «እናቴንም ይዘህ ሂድ» አለችና አብረን ሄድን።

በሩ ላይ ቁጥር ያለው ካርድ ሰጡን። የእኔ ይቀድማል፣ የእሳቸው ይከተላል። ስንገባ ካርዶቻችንን ተቀብለው በየተራቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸው። ፎቶ የምታነሳው ልጅ የእኔን ቁጥር ጠራች። ልቀመጥ ስል ዞር ብዬ አየሁ፤ አማቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ብድግ አልኩ።

«እርስዎ ይቅደሙ!»

«በአላህ፣ ተራው ያንተ ነው።»

«ወላሂ አልቀመጥም!»

«እኔም ወላሂ!»

ሁለት ወላሂ ከተጋጨ ማን ይፈታዋል? ሰልፉ ሁሉ ገላጋይ ሆነ። ከጋዝጊብላ የመጡ አንድ ቄስ «እናት ናት የምትቀድም» ብለው ፈረዱ። አንዱ ጎረምሳ «ኧረ ጨርሱ፣ እኛም ዓይን አለን!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ቀና ሳትል የዋለች ናት፤ «ኧረ በፈጣሪ፣ ማንም ይቀመጥ!» አለች። እኔም አማቴን ትከሻቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። ስልኩ መጀመሪያ ዓይናቸውን ከውጭ አነሳ፣ ከዚያ በብርሃን ውስጡን። ቀጥሎ እኔ ተቀመጥኩ። አማቴን ማክበሬን ሰው ሁሉ ስላየልኝ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ወጣት ሐኪም ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ጋሼ፣ መሣሪያው በቀኝ ዓይንዎ ውስጥ ዕጢ የሚመስል ነገር አይቷል። ሊሳሳት ይችላል። የእሱ ሥራ መጠርጠር ነው፤ የሚፈርደው ሐኪም ነው። ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ትልቅ ሆስፒታል ይታዩ።»

«ቆይ፣ ማን ነው ያየው? አንተ ነህ ወይስ ስልኩ?»

«ስልኩ ነው። በሺህ የሚቆጠር የዓይን ፎቶ እያየ የተማረ ነው።»

«እኔም በሺህ የሚቆጠር የገበያተኛ ዓይን አይቻለሁ፤ ሐኪም ግን አልተባልኩም!» አልኩት። ይህን ስል ግን ግድግዳውን ተደግፌ ነበር። ሐኪሙ አማቴን ግን «እናቴ፣ ዓይንዎ ለዕድሜዎ ድንቅ ነው» ብሎ ጠብታ ሰጥቶ ሸኛቸው።

ከዚያ በኋላ ቀኝ ዓይኔ ጨለመ። ወላሂ ጨለመ! ጠዋት ደህና የነበረ ዓይን ማታ ግድግዳ ላይ ጥላ ያይ ጀመር። ሱቅ ውስጥ አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን እየጨፈንኩ ስሞክር አንዲት ደንበኛ የጠቀስኳት መስሏት ጨርቁን ወርውራብኝ ወጣች። ለዓመታት የተኳረፍኩትን ጎረቤቴን ነጋዴ ሳይቀር ሄጄ «አፉ በለኝ» አልኩት። ሰው ሲፈራ እንዴት ደግ ይሆናል!

አማቴም ሌላ ሰው ሆኑ። ስድቡ ቀርቶ «አብሽር፣ ልጄ» ብቻ ሆነ። ሻይ እኔ ራሴ ካልቀዳሁለት ይላሉ፤ ሻዩ ግን ግማሹ ከብርጭቆው ውጭ ትሪው ላይ ይፈስሳል። «ድንቅ የተባለው ዓይን ይኼ ነው?» እላለሁ። ቤቱ ይስቃል፣ እሳቸውም ይስቃሉ። አንድ ቀን ግን ሰግደው ሲያበቁ መዳፋቸውን ዘርግተው «ያ ረቢ፣ የሱን ለኔ አድርገው! እሱ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት፤ እኔ ያየሁት ይበቃኛል» ሲሉ በመጋረጃው በኩል ሰማኋቸው። አሚን ልበል አልበል ጨነቀኝ።

ሚስቴ አራስ ስለነበረች ሆስፒታል ድረስ የሸኙኝ እሳቸው ናቸው። «ብቻህን አትሄድም» ብለው ፍላስካቸውን አንጠልጥለው አውቶቡስ ላይ ቀድመውኝ ወጡ።

የሆስፒታሉ የዓይን ዶክተር ዓይኔን በጠብታ አስፍታ ረጅም ጊዜ መረመረችኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

«ዓይንህ ጤነኛ ነው። የሚያስፈልግህ መነጽር ብቻ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» ድምፄ ኮሪደሩን አናጋው። «አላልኩም? ሰው ሠራሽ እብደት ነው እንጂ አስተውሎት አይደለም!» ያንን ጎረቤቴንም ሄጄ አፉታዬን መልስልኝ ልለው አሰብኩ።

ዶክተሯ አልሳቀችም። ከሰቆጣ የተላከላትን፣ ስልኩ ያነሳውን ፎቶ ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። «እዚህ ላይ ያለው ዕጢ ግን እውነተኛ ነው የሚመስለው። እስቲ ከውጭ የተነሳውን እይ። ለመሆኑ ኩል ትኳላለህ?»

አየሁ። ቆዳው የተሸበሸበ ዓይን ነው፤ የቆቡ ጠርዝ ዙሪያውን በኩል ጠቁሯል። ያንን ኩል በየማለዳው አየዋለሁ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ጠረጴዛው ላይ ቀድሞ የተቀመጠው ካርድ የእኔ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ቀድመው የተቀመጡት ግን እሳቸው፤ ፎቷቸው በእኔ ቁጥር ተመዝግቧል። ስልኩማ በደንብ አይቶ ነበር። ወላሂ ስንባባል ዓይን የተለዋወጥነው እኛ ነን።

አማቴ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ፍላስካቸውን አቅፈው ይጠብቁኛል። ዶክተሯ አስገብታ መረመረቻቸው። ዕጢው እዚያው ነበር። ለካ በቀኝ ዓይናቸው ጥላ ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ እርጅና ነው ብለው ዝም ብለው ነው። ዓይኑ መውጣት አለበት፣ ሌላ ቦታ ሳይዛመት የደረሳችሁ ይመስለኛል አለችን።

የካርዱን ነገር እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ፈገግ አሉ።

«በል ዱዓዬ ደረሰ! ምን ያስለቅስሃል?»

«እናቴ፣ የዱዓ ነገር አይደለም! ካርዱ ነው የተቀያየረው!»

«ካርዱንስ ማን ቀያየረው?» ብለው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ገበያ ውስጥ በክርክር ማንም ረትቶኝ አያውቅም፤ እሳቸው ረቱኝ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ነርሷ ስትጠራቸው ተነሱና በሩ ላይ ዞር አሉ። «ምነው ዛሬ እርስዎ ይቅደሙ አትልም?» አሉኝ። ብቻቸውን ገቡ።

አሁን ሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። የቀረችውን አንድ ዓይን በየማለዳው ይኳሏታል፤ ስድቡም ተመልሷል። ገበያተኛ ሁሉ «ውይ እናቴን! ዓይንዎ ምን ሆነ?» ይላቸዋል። እሳቸው በአገጫቸው ወደ እኔ ይጠቁማሉ።

«ለዚህ ሰጠሁት» ይላሉ።

እኔም መነጽሬን አስተካክዬ ጨርቄን እለካለሁ።