በልጄ ድምፅ የተሳልኩት ስለት

ልጄ በሰባት ዓመቷ ጉሮሮዋን ታማ ድምፅዋ ጠፋ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ «ታገሱ» አለን። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። ደብራችን ሄጄ ከቅጽሩ ውስጥ ተንበረከክሁና ተሳልኩ። ሌላው ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል። እኔ ግን በጭንቀት፣ «ድምፅዋን ብቻ መልስላት፤ ድምፁ ያንተ ነው፣ በቤትህ ስትዘምር ትኖራለች» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን «እማ፣ ውሃ» አለችኝ። እልልታዬን ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ድምፅዋ ሲመለስ ግን ሻካራ ሆኖ ነበር፤ እንደ እኔው ድምፅ። ሰንበት ትምህርት ቤት አስገባኋት። እሷ ስትዘምር ልጆቹ እየዞሩ ያዩአት ጀመር። አሥራ ሦስት ሲሞላት «አልሄድም» አለች። አላስገደድኳትም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መርፌ ከከንፈሬ ስለማይጠፋ ብዙ አልናገርም። አጎቷ ከአዲስ አበባ ጊታር አመጣላትና ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ ዘፈን መሥራት ያዘች። ግጥሙን ከየት እንደምታመጣው ጠየቅኋት።

«ካንቺ ነዋ። ቀኑን ሙሉ ዝም ትዪና አንዲት ነገር ትናገሪያለሽ። እሷን እጽፋታለሁ።»

ትምህርቷን ስትጨርስ አዲስ አበባ ሄደች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደውላ፣ «እማ፣ አልበሜ ወጣ!» ብላ ጮኸች።

«ሸጋ ነው። እኔም አለሁበት?»

«የት?»

«ፎቶው ላይ።»

ሳቋ አላቆም አለ። «የዘፈን ነው እማ። ሮክ ነው።»

«ሮክ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እንደኔ ዓይነት ድምፅ የማያሳፍርበት ዘፈን።»

ያ አልበም በየሱቁ ተሸጦ አለቀ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ ከእሱም በለጡ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ እሷው ትጮሃለች።

«እማማ፣ ይቺን ልጅ ያውቋታል?» አለኝ ባለ ባጃጁ።

«አውቃታለሁ።»

«የኛው አገር ልጅ ናት እኮ! ምን አብልተው ቢያሳድጓት ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

«ሽሮ» አልኩት።

ከትክል ድንጋይ ከተማ የመጣች አንዲት ልጅ ደግሞ ቀሚስ ልትለካ ገብታ ግድግዳው ላይ ያለውን የልጄን ፎቶ አየች። እሷም ጊታር አዝላ ነበር። «ድምፄ ወፍራም ነው እያሉ ሲስቁብኝ ትቼው ነበር፤ እሷን ስሰማ ነው የጀመርኩት» አለችኝ። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ አይቻለሁ። አምላኬን አመሰገንኩ።

ግን ስለቱ አልገባም። ልጄ በተመሰገነች ቁጥር እኔ በደብሩ በር ሳልፍ ተሳልሜ እፈጥናለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ባለፈው ዓመት ጎንደር መጥታ ልትዘፍን ቀን ተቆረጠ። ያን ጊዜ አልቻልኩም፤ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ያላገባሁት ስለት አለብኝ።»

«ምን ተስለሽ?»

«ድምፅ።»

ጆሯቸውን አስጠጉ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ያ በየባጃጁ የሚጮኸው ድምፅ?»

«እሱው ነው።»

ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «የጎረቤቴን በሬ ብሳል ታቦቱ ይቀበለኛል?»

«እንዴት ተብሎ!»

«የልጅሽ ድምፅስ የማን ነው?»

«የሷ ነው።»

«ሰው የሚሳለው ያለውን ነው። ያንቺ ድምፅ የት አለ?»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«ይኸው፣ ቆልፈሽበታል። እሑድ ከእናቶች ጋር ትዘምሪያለሽ።»

«አባቴ፣ እባክዎ ስግደት ይዘዙብኝ።»

«ስግደትማ ትወጃለሽ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ልጄ ዓርብ ገባች። እራት በልተን ስንጨርስ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሳልሰማ ለታቦት ሰጠሽኝ?»

«ድምፅሽን ብቻ።»

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«ዘፈኑን የምትተዪው መስሎኝ።»

ተነሥታ አንገቴ ሥር ገባች። ቅዳሜ በመድረክ ላይ ከመዝፈኗ በፊት ግማሹን ቀን እኔን ስታለማምድ ዋለች። «ከሆድሽ አውጪው እማ፤ መርፌው አፍሽ ውስጥ የለም!» ትለኛለች። እኔም እየሳቅሁ እንደገና እጀምራለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናቶቹ ጋር ቆምኩ። ልጄ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። እርዳታዋን በዓይኔ ለመንኳት። ከንፈሯን ገጥማ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፤ ስለቱ የኔ ነዋ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ ወፍራምና ሻካራ ነበር፤ ከፊቴ የቆሙት ሁለት እናቶች ዞረው አዩኝ። አንደኛዋ ፈገግ አለችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። እስከ መጨረሻው ዘመርኩ። ሁለተኛው መዝሙር ሲጀመርም ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም።

ከዚያ ወዲህ አንድም እሑድ አልቀረሁም። ስለቱ በአንድ መዝሙር ያልቅ እንደሆን አባቴን አልጠየቅኋቸውም።