ከኋላው ጀምሪ

ስለዚያ መኪና መልክ ቆሰበር ውስጥ አስተያየት ያልሰጠ ሰው ካለ፣ ስልክ የሌለው ብቻ ይመስለኛል። እንጅባራን እኛ አሁንም ቆሰበር ነው የምንላት። ፎቶው የመጣው ባለፈው ታኅሣሥ ነው። አዲስ የወጣ የስፖርት መኪና ነው፤ ቢጫ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት ተባለ። እኛ ከተማ እንደማይመጣ ሁሉም ስለሚያውቅ ሁሉም እንደልቡ ፈረደበት።

ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ፎቶዎቹን ስልኩ ላይ አስቀምጦ መጀመሪያ ተራ ለሚጠብቁት ጓደኞቹ አሳያቸው። አንዱ፣ ይህ ዝቅ ያለ ነገር የመጀመሪያውን የመንገድ ጉብታ ሳያልፍ ሆዱን ጥሎ ይቀራል አለ። ሌላው፣ ከግምጃ ቤት ከተማ የምትመጣ ገበያተኛ ድንቿን የት ልትጭን ነው ብሎ ጠየቀ። ሦስተኛው፣ መናገር የማያበዛው ሰውዬ፣ «ያማረው ድንች ጭኖ ስለማያውቅ ነው» አለ። ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ እኔ ቀድሜ ባለማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔ ኮሌጅ ውስጥ የቴክኒክ ስዕል አስተማሪ ነኝ። የተሰመረ መስመር አይቶ ጉድለቱን መናገር ሥራዬ ነው፤ ወንድሜ ግን ሥራሽ ሳይሆን አመልሽ ነው ይለኛል። ስልኩን አቀበለኝና ፊቴን ያይ ጀመር። ጎኑ ግሩም መሆኑን አመንኩለት፤ ከኮፈኑ እስከ ጣሪያው ጫፍ የሚሄደው መስመር እጁን ሳያነሳ የሳለ ሰው ሥራ ነው። ኋላው ላይ ሲደርስ ግን ያው ሰው መቼ እንደሚያቆም ጠፍቶታል፤ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ክንፍ በክንፍ ላይ አድርጎታል።

«እያንዳንዱ ቀዳዳ እኮ ሥራ አለው፤ ሞተሩን ነው የሚያቀዘቅዘው» አለ ወንድሜ።

«የእኔም ኩላሊት ሥራ አለው፤ አውጥቼ ልልበሰው?»

የፊት መብራቱን ደግሞ በጣም ወዶታል፤ የተቆጣ ዓይን ይመስላል አለ። ምን አድርገነው ነው የሚቆጣን ብዬ ጠየቅሁት። እንዲህ እያልን ሳምንቱን ሙሉ ተነታረክን፤ በመጨረሻ አባታችን ይፍረዱ ተባባልን።

በእኛ ቤት የሚሮጥ ነገር ሁሉ ፍርዱ የአባቴ ነው። ቤታቸው ዘንገና አጠገብ፣ ከሐይቁ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ፈረስ ሊገዛ ያሰበ ሰው ከዳንግላ ድረስ መጥቶ ይዟቸው ገበያ ይወጣ ነበር። አባቴ ፈረስ ሲያዩ ከኋላው ይጀምራሉ። ፊቱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያዩት፤ ፊት ይደልላል ይላሉ፤ ዓይኑ ያማረ እንደሆነ ሰው እግሩን ሳያይ ይገዛዋል። አንድ ጊዜ ይዞሩታል፣ አይነኩትም፣ በአዊኛ ለራሳቸው አንድ ሁለት ቃል ይላሉ፣ አለቀ።

ያን ሰሞን ግን እኔና ወንድሜ ዓይናቸውን መጠርጠር ጀምረን ነበር። የጎረቤት ላም የእኛ መስላቸው በር ከፍተው አስገብተዋል። ውኃ ሲቀዱ ሞልቶ እንደሆነ ለማወቅ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ይከታሉ። ስንጠይቃቸው «ዓይኔ ደህና ነው» ብለው ይቆጣሉ። በጥር ደግሞ የፈረሰኞች በዓል አለ። አባቴ አንድም ዓመት ቀርተውበት አያውቁም፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ሕዝብ መሃል ገብቶ የማያውቅ ወጣት ዳማ ፈረስ ሊጋልቡ አስበዋል። ያ ሁሉ ፈረስ በአንድ ሜዳ ላይ ሲነሳ፣ የማያይ ሽማግሌ ከወደቀ እንደማይነሳ ሁለታችንም እናውቃለን። አይጋልቡ ብሎ አፉን የከፈተ ግን አልነበረም።

እሑድ በባጃጁ ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን በእግር መንገዱ እስከ ደጃፉ ድረስ ስለ መኪናው እየተጨቃጨቅን ነበር፤ ዝቅ ማለቱን፣ ርዝመቱን፣ የኋላውን ጌጥ፣ ሁሉንም ጮክ ብለን። አባቴ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ጉዳዩን አስረድቶ ስልኩን ሰጣቸው።

«ከኋላው አሳየኝ» አሉ።

ወንድሜ ፎቶውን በጣቱ ገፋ አድርጎ መልሶ አቀበላቸውና፣ የፈረሱ ገመድ ተጠላልፎ ስለነበር ሊፈታው ሄደ። አባቴ ክንዳቸውን ዘርግተው ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት።

«ወገቡ ረጅም ነው» አሉ። «ታፋው ሙሉ ነው፤ ኃይሉ ከኋላ ነው። አራት እግሩ መሬቱን ደህና አድርጎ ይዞታል። ዝቅ ማለቱንም ወድጄዋለሁ። ጌጡ ግን በዝቶበታል። ጌጥ የበዛበት ፈረስ ሲያመጡልኝ መጀመሪያ ጌጡን አውርዱልኝ ነው የምለው፤ ከሥሩ ቁስል አይጠፋም።»

ደስ አለኝ። የእኔው ፍርድ ነው፤ እንዲያውም በፈረስ ሲነገር ይበልጥ ያምራል። ለወንድሜ ልጮህለት እያሰብኩ በትከሻቸው በኩል ስልኩን አየሁ። ወንድሜ ሲገፋ አንድ ፎቶ አሳልፎ ነው የገፋው። ስልኩ ላይ ያለችው የእሱ ባጃጅ ነበረች፤ ታጥባ፣ ሰማያዊነቷ ፈክቶ፣ በሦስት ጎማዋ ቀጥ ብላ የቆመች።

ዝም ማለት እችል ነበር። ፈተና ማውጣት የለመደ ሰው ግን ክፉ ነው። «ቢጫነቱስ፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ቢጫው አምሮበታል» አሉ።

አፈርኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን በራሴ። ስልኩን ቀስ ብዬ ተቀበልኳቸውና ወንድሜ ሳይመለስ ፎቶውን ወደ መኪናው መለስኩት። በኋላ ሳስበው፣ ያን ሁሉ ፍርድ የሠሩት እኔና ወንድሜ በእግር መንገዱ ላይ ከተጯጯህነው ነው። የምንለውን ከሩቅ ሰምተው፣ የእኔንም የእሱንም ይዘው፣ ከሁለታችን የተሻለ አድርገው መለሱልን።

በመልስ ጉዟችን ለወንድሜ ነገርኩት። መጀመሪያ «ባጃጄን ነዋ ያደነቋት!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዳር ይዞ አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«እንዳይጋልቡ ማን ይነግራቸዋል?» አልኩ።

«አንቺ ነሻ፣ እትዬ። ለጣሊያኖቹ ጉድለታቸውን ነግረሻቸው የለ?»

ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። ሳምንቱን የምናገረውን በልቤ ስጽፍና ስሰርዝ ነው የከረምኩት፤ ለመኪናው ያላጠረኝ ቃል ለአባቴ ሲሆን አጠረኝ። እሳቸው ልጓሙን ቅቤ እየቀቡ ነበር፤ ጠፍሩን በጣታቸው እየዳሰሱ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገና አፌን ሳልከፍት፣

«ያን ዕለት ስልኩ ላይ የነበረው ምን ነበር?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ቢጫው ያምራል ስል ትንፋሽሽን ዋጥሽ።»

«ባጃጅ ነው» አልኩ።

«የእሱ?»

«የእሱ።»

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አራት እግር ሰጠኋታ!» አሉ። እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ እንባዬ መጣ፤ ባያዩትም ፊቴን አዞርኩ።

ሳቁ ሲበርድላቸው «ብርሃን አያለሁ» አሉ። «ሰው ሲመጣ ሰው መሆኑን አያለሁ። ከላዩ ሆኜ ግን የፈረሱ ጆሮ አይታየኝም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ።» ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳቸው። ከበዓሉ በኋላ አሉ። ስለ ግልቢያው እንዴት እንደምጠይቃቸው ሳወጣ ሳወርድ፣ ልጓሙን አንስተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ለወንድምሽ ስጪው» አሉ።

ከዚያ አስነሱኝ። ያን መኪና እንደተናገርኩት አድርጌ ፈረሱን እንድነግራቸው ነው የፈለጉት። «አንገቱ…» ብዬ ስጀምር «ተይ፣ ከኋላው ጀምሪ» አሉኝ። ጀመርኩ። ስለ ፈረስ የማውቀው ጥቂት ነው፤ የአካሉን ስም እያምታታሁ፣ እሳቸው እያረሙኝ፣ አንድ ጊዜ ሙሉ ዞርኩት። እንከን ፈለግሁ፤ አንድ አገኘሁ። ሲቆም የግራ ኋላ እግሩን ትንሽ ወደ ውስጥ ያስገባል።

«አየሽው?» አሉ ደስ ብሏቸው። «ከውርንጭላነቱ ጀምሮ አውቅበታለሁ። ከእኔ በቀር ያየበት ሰው አልነበረም።»

የበዓሉ ቀን ከሜዳው ዳር ቆምን። አባቴ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው በቀኝ እጃቸው አለንጋቸውን ይዘዋል፤ በግራቸው ክንዴን። ያገኛቸው ሁሉ ፈረስዎ የታለ ይላቸዋል። «ዘንድሮ ለልጄ ሰጠሁት» ይላሉ፤ ድምፃቸው ደህና ነው።

ፈረሶቹ ተነሱ። እንደተማርኩት፣ ከፊት ሲመጡ ዝም አልኩ፤ አልፈውን ሲሄዱ የእኛን ፈረስ ከኋላው ጀመርኩ። ታፋውን ነገርኳቸው፣ ጅራቱን፣ ኮርቻው ሥር ያለውን ጨርቅ፣ እግሩ የሚያነሳውን አቧራ።

«የወንድምሽስ አቀማመጥ?»

ልዋሽላቸው አሰብኩና ተውኩት። «ክርኑን ከፍቶ ነው የሚጋልበው» አልኩ። «የባጃጅ እጀታ የያዘ ነው የሚመስለው።»

ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ እኔን መስማት ስለተዉ መናገሬን አቆምኩ። የሚሰሙት ኮቴውን ነበር። ክንዴ ላይ ያሉት ጣቶቻቸው ላላ ጠበቅ፣ ላላ ጠበቅ ይሉ ጀመር። ፈረሶቹ ከሜዳው ጫፍ ደርሰው መዞር ሲጀምሩ ማንም አልነገራቸውም። ክንዴን እንደ ልጓም ወደ ግራ ሳቡት።

ዞርኩላቸው።